ወፍራምና ቀጭኑ የጎላ ደማቅ ሴሪፍ ፊደል፦ ለታፔላና ለሰርግ ካርድ ይሆናል?

የጦሳ ሥር ዲዛይነር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የግራፊክስ ሥራ ነው የምሠራው። ካርድ፣ ታፔላ፣ ሜኑ፣ የማሸጊያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ። አሁን ሁለት ሥራ በእጄ አለ። አንዱ ፒያሳ አካባቢ ለሚከፈት የሴቶች ልብስ ሱቅ ታፔላ ነው። ሌላው የሰርግ ጥሪ ካርድ። ደንበኞቹ አይተዋወቁም፤ ግን ሁለቱም ከስልካቸው አውጥተው ያሳዩኝ አንድ ዓይነት ፊደል ነው። የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ የምናየው። ቋሚው በጣም ወፍራም፣ አግዳሚው እጅግ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሴሪፍ የምትባል ቀጥ ያለች ስስ መስመር ያለችው።

እኔም ፊደሉን እወደዋለሁ። ከሩቅ ይጣራል፣ ከቅርብ ሲያዩት ደግሞ ስስነቱ ያምራል። እንግሊዝኛውን ቦዶኒ በሚባለው ፎንት በደማቁ አስቀምጬ በጣም ተመችቶኛል። አማርኛው ግን ከጎኑ ሲቆም ይጠፋል። ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት መርጬ ቦልድ (ደማቅ) ሳደርገው አበጠ እንጂ አላማረም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ዓይነት ፊደል በእውነት ለምን ለምን ሥራ ይሆናል? አማርኛውንስ እንዴት አድርጌ ነው ከእሱ እኩል የማቆመው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ቀለም በቀለም (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። መጀመሪያ የፊደሉን ጠባይ እንወቅ፤ አጠቃቀሙ ከዚያ ይመጣል።

ይህ የፊደል ቤተሰብ የተወለደው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ጣሊያን ፓርማ ላይ ጃምባቲስታ ቦዶኒ፣ ፓሪስ ላይ ፊርሜን ዲዶ። ከእነሱ በፊት እንግሊዛዊው ጆን ባስከርቪል መንገዱን ጠርጎላቸዋል። ባስከርቪል ከፊደሉ ጋር ለስላሳ ወረቀትና ጠቆር ያለ ቀለም አብሮ አመጣ። ይህን ልብ በልልኝ። ቀጭኗ መስመር የተቻለችው ወረቀቱ ስለለሰለሰ ነው። ሻካራ ወረቀት ላይ ያቺ መስመር ወይ ትቆራረጣለች፣ ወይ ቀለም ጠጥታ ትወፍራለች።

ቦዶኒ እ.ኤ.አ. በ1813 ሞተ። ትልቁን የፊደል መዝገቡን፣ ማኑዋሌ ቲፖግራፊኮን፣ በ1818 ያሳተመችው ሚስቱ ናት። በዚያ ዘመን ፊደል የሚቀረጸው በብረት ነው፤ እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ይቀረጻል። ስለዚህ ትንሹ መጠን ላይ ቀጭኗን መስመር ትንሽ ወፈር ማድረግ ይቻል ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አንዱኑ ቅርጽ እየለጠጥን ለቢዝነስ ካርድም ለባነርም እናደርገዋለን። ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይቲሲ ቦዶኒ በሦስት ተከፍሎ የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው፦ ለ6፣ ለ12 እና ለ72 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው)። ትንሹን ቢዝነስ ካርድ በ72ቱ ካተምከው መስመሮቹ ይበናሉ።

ደማቁ ዘር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ማስታወቂያ ግድግዳውን ሲሞላው፣ ፊደል ቀራጮች ቋሚውን እያወፈሩ እያወፈሩ ሄዱ። ቀጭኗን ግን እንዳለች ተዉአት። የሎተሪ ማስታወቂያ በዚያ ፊደል ነበር የሚጮኸው። ስለዚህ ደንበኞችህ የወደዱት ፊደል የጎዳና ልጅ ነው። ጥቂት ቃል ይፈልጋል፣ ትልቅ መጠን ይፈልጋል፣ ዙሪያውን ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እነዚህን ካልሰጠኸው አትንካው።

የዩኒቨርሲቲ ልጅ (ደሴ)

እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። የምረቃ መጽሔታችንን እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉን በሙሉ በእንግሊዝኛው ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ደማቁ ብናደርገውስ? በጣም ያምራል።

ቀለም በቀለም (ኮምቦልቻ)

ርዕሱን አዎ፣ ጽሑፉን በፍጹም። ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ለርዕስ የተሠራ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ስታነብበት ወፍራሞቹ ቋሚዎች ብቻ ናቸው ዓይንህ ውስጥ የሚቀሩት፤ ገጹ አጥር ይመስላል። ቀጭኖቹ ጠፍተው ፊደሉን ከፊደል መለየት ያደክማል። ለጽሑፉ ልዩነቱ የለዘበ ሌላ ሴሪፍ ውሰዱ። የተመራቂው ስም ከፎቶው ሥር ሲገባ ደግሞ ትንሽ ስለሚሆን እሱንም በዚህ ፊደል አታድርጉት።

ስቲከር ቆራጯ (ወልድያ)

የኮምቦልቻው ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ለእኛ ፊደል ከዚያ የባሰ ነገር አለ፤ እሱን ማንም ሲያነሳው አላይም።

በላቲኑ ቀጭኗ መስመር ትንሽ ብትጠፋ ዓይን ይሞላታል። በእኛ ግን ቀጭኗ መስመር ድምፁ ራሱ ናት። ካዕቡን አስቡት። ከበ ቀኝ ወገብ ላይ አንዲት አጭር እጅ ስትወጣ ቡ ይሆናል። እግሩ ሥር ስትወጣ ቢ ይሆናል። ያቺ እጅ አግዳሚ ናት። በቦዶኒ ሕግ አግዳሚ ሁሉ ይቅጠን ካልን፣ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው ቡና የሚለው በና ሆነ ማለት ነው። ሱቅ ሰቅ ይሆናል። ሙሽራ መሽራ ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። ኒያላን ቦልድ ሳደርገው አበጠ ያልከው ወንድሜ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካም እንደዚያው። እውነተኛ ደማቅ ፊደል ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ራሱ ዙሪያውን እኩል ያሳብጠዋል። ቀጭኑም ወፍራሙም አብሮ ያብጣል፤ የወደድከው ልዩነት እዚያው ይሞታል። በዚያ ላይ የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል። ቤ የነበረው ቢ ይመስላል። ቤት ቢት ይሆናል፣ ሴቶች ሲቶች። እንግዲህ እየው፤ ቀጭኑ ሲጠፋ ካዕቡ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ሲበዛ ኃምሱ ይሄዳል። አንተ ደግሞ የሴቶች ልብስ ሱቅ ነው የምትሠራው።

እኔ የምሠራው በመቁረጫ ማሽን ነው። ስቲከሩ ተቆርጦ ትርፉ ሲላጥ፣ በጣም ቀጭን የሆነ መስመር አብሮ ይነሳል። የቀረውም መስታወት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ሲያገኘው ቀድሞ የሚታጠፈው እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ጋ የሚመጣ ፋይል ላይ ቀጭኗ መስመር ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነች ሳልቆርጥ እመልሳለሁ። ደንበኛው ይቆጣል፣ ግን ኋላ ከሚቆጣ አሁን ይቆጣ።

የማምንበት መፍትሔ ይኸው። አግዳሚውን ሁሉ በአንድ ዓይን አትይ። የበ ጣሪያ ቢሳሳ ግድ የለም፤ ሁለቱ ቋሚዎች ፊደሉን ይዘውታል። የካዕብና የሣልስ እጅ ግን አትሳሳ። ቢያንስ የጣሪያውን እጥፍ ስጣት። የኃምሱ ቀለበትም ውስጡ ክፍት ይሁን፤ ለዚያ ሲባል ቀለበቱን ከልማዱ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የጦሳ ሥር ዲዛይነር (ደሴ)

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሱቁ ስም ውስጥ ሁለት ካዕብ አለ። ከሥሩ ደግሞ «የሴቶች ልብስ ቤት» ይላል። ሁለቱም በሽታ አለበት ማለት ነው።

የአራዳው (ደሴ)

እኔ በዚህ አልስማማም። ሱቁ ቡቲክ ነው፤ ክሊኒክ አይደለም። የመድኃኒት ትእዛዝ ቢሆን ገባኝ። ሰው ቡቲክን የሚያውቀው በመልኩ ነው። ቮግ መጽሔትም ሃርፐርስ ባዛርም ይህን ዘር ይዘው ነው እስከዛሬ የዘለቁት። ዛራ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓርማውን ሲቀይር በዚሁ ዓይነት ፊደል ነው ያደረገው፤ ያውም ፊደሎቹን አጠጋግቶ አነካክቶ። አማርኛ ላይ ስንደርስ ብቻ ለምን እንፈራለን? መንገዱን ሁሉ አንድ ዓይነት ሳን ሰሪፍ (ሴሪፍ የሌለው) ቦልድ ሞልቶት የለም እንዴ? ከሱቅ ሱቅ መለየት አልቻልንም እኮ።

ቀለም በቀለም (ኮምቦልቻ)

የአራዳው፣ መንገዱ አንድ ዓይነት ሆነ ያልከው ያመኛል፤ እውነትህን ነው። ድፍረቱንም እደግፋለሁ። ግን ቮግ ላቲኑ አምስት ፊደል ነው፤ ዓለም ያወቀው ቃል ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አያነበውም፣ አይቶ ያውቀዋል። ዛሬ የሚከፈት ሱቅ ግን ገና ስሙን ማስተዋወቅ አለበት። በዚያ ላይ መጽሔት እጅ ላይ ነው የሚታየው። ታፔላ ከመንገድ ማዶ፣ ከባጃጅ ውስጥ፣ በክረምት ደግሞ በደሴ ጭጋግ ነው የሚታየው።

የአራዳው (ደሴ)

ጭጋጉን ካነሳህብኝ ልተወው። ይሁን፣ ስሙ ይነበብ። ግን ለመነበብ ብሎ ወደዚያው ወደተለመደው እንዳይመለስ ነው የምለው።

የሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

አማርኛው ከእሱ እኩል እንዴት ይቆማል ላልከው፣ ወንድሜ፣ ቦዶኒን አትከተል። ቁም ጽሕፈትን፣ የብራናውን የእጅ ጽሑፍ፣ ተከተል።

የመቃ ብዕር ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ወደ ታች ሲሳብ ስፋቱን ይጥላል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ስስ መስመር ይተዋል። ወፍራምና ቀጭን የሚባለው ነገር በእኛ ዘንድ ከብዕሩ አቆራረጥ የመጣ ነው። ከብራና ጽሑፍ ዓይነቶች ውስጥ ጉልሕ የሚባል አለ፤ በጎንደር ዘመን የገነነው። ትልልቅ ፊደል፣ ደማቅ፣ ቋሚው ድፍን ያለ። ረቂቅ የሚባለው ደግሞ ትንሹና ስሱ ነው። እንግዲህ ደማቅ ፊደል ከፈለግህ ጉልሑ በአገርህ አለልህ። ከደማቁ ቦዶኒ ጎን ብታቆመው አያፍርም።

እኛ አካባቢ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። በስማቸው የሚጠራው የብራና ወንጌል የዚያው ዘመን ነው። የዚያ ዘመን አጻጻፍ ማዕዘናማ ነው፤ የጉልሑ ክብነት የለውም። ሁለቱን በፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ ብታይ ጥሩ ነው። ሁለቱም ይጎላሉ፣ ግን አንዱ በማዕዘኑ ሌላው በሙላቱ። ለልብስ ሱቅ ሙላቱ ይሻላል እላለሁ። ለመጽሐፍ ሽፋን፣ በተለይ ለታሪክ መጽሐፍ፣ ማዕዘናማውን እመርጣለሁ።

የካዕቡን እጅ ደግሞ እዚያው እያት። ጥሩ ጸሐፊ እጇን ስስ አድርጎ ቢያወጣትም ጫፏ ላይ ይጫናታል። ጫፏ ወፈር ብሎ ስለሚያርፍ ዓይን አይስታትም። የወልድያዋ እህታችን ያለችውን ጸሐፊዎቹ በእጃቸው ፈትተውት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ስለዚህ አባቶች ማጉላት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ያነሳሉ፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ሰርግ ካርዱ ላይ የሙሽሮቹን ስም ከማወፈር ይልቅ ቀለሙን መለወጥም አንድ መንገድ ነው።

ኪታብ ወዳድ (ባቲ)

አሰላሙ ዓለይኩም። የሐይቁ ወንድሜ ስለ መቃው ያለውን እኛም ቤት እናውቀዋለን። ወሎ ኪታብ በእጅ ሲገለበጥበት የኖረ አገር ነው፤ ዳናንና ጀማ ንጉሥን የመሰሉ የእስልምና ትምህርት ቦታዎችን የማያውቅ የለም። የዐረብኛው ብዕር ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል። ስለዚህ ወፍራሙ የሚወድቅበት ቦታ ከግዕዙ ይለያል። በዐረብኛ አግድም የተዘረጋው ነው ብዙ ጊዜ ወፈር የሚለው። መለኪያውም የብዕሩ ነጥብ ነው፤ የአሊፍ (የመጀመሪያዋ የዐረብኛ ፊደል) ቁመት በነጥብ ይቆጠራል። ይህን ሥርዓት ያቆመው በ10ኛው መቶ ዘመን የነበረው ኢብን ሙቅላ ነው ይባላል።

ይህን የማነሳው ለምንድን ነው፣ እኛ ጋ ታፔላ ሁለትና ሦስት ፊደል ይይዛል። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም ዐረብኛ። ዲዛይነሮች ሦስቱንም በአንድ ሕግ ሲያስገድዷቸው አያለሁ። የዐረብኛውን ቋሚ አወፍረው አግዳሚውን ያቀጥናሉ፤ ፊደሉ ይሰበራል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። ወፍራሙ የትም ይውደቅ፣ ጥቁረታቸው ይመጣጠን። ወረቀት ላይ አትሙት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉት። አንዱ መስመር ከሌላው ጠቁሮ ከታያችሁ እሱ ነው የሚነካው።

የጦሳ ሥር ዲዛይነር (ደሴ)

ወዓለይኩም ሰላም። ይህ የዓይን ጨፈን ምክር በጣም ጠቅሞኛል፤ አሁኑኑ ሞከርኩት። አማርኛው ግራጫ ሆኖ ነው የታየኝ፣ እንግሊዝኛው ድቅድቅ ጥቁር። ታዲያ ከየትኛው ፎንት ልነሳ?

ስቲከር ቆራጯ (ወልድያ)

ከኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ተነሳ። ከስሱ እስከ ጥቁሩ ድረስ ብዙ ውፍረት አለው፤ እውነተኛ ውፍረት ነው፣ በኮምፒውተር ያበጠ አይደለም። ነፃ ነው። ፈቃዱም ቅርጹን መለወጥ ይፈቅዳል። ጥቁሩን ውሰድ፣ ስሙን ጻፍ፣ ወደ ቅርጽ ቀይረው (ከዚያ ፊደል ሳይሆን እንደ ሥዕል ይሆናል)። ከዚያ ጣሪያዎቹን በእጅህ አሳሳቸው። እጆቹን ተዋቸው። ፕሌይፌርና አብሪል ፋትፌስ ውስጥ የአማርኛ ፊደል አትፈልግ፣ የለም። አማርኛ ስትጽፍባቸው ኮምፒውተሩ ሳይነግርህ ከሌላ ፎንት ያመጣልሃል።

የድሮ አታሚ (ደሴ)

ልጆቼ፣ ስታወሩ ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ማሽን ላይ ነው። ስለ ፎንቱ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ስለ ቀለሙና ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ።

ለካርዱ፦ ስስ መስመር ያለበትን ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ጥቁሩን ከአራቱ ቀለም ቀላቅሎ ከላከው፣ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) ትንሽ ሲዛነፉ መስመሯ ላይ ጥላ ይፈጠራል። ወፍራሙ ላይ አይታወቅም፤ ቀጭኗ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ቡና ዓይነት፣ ወይን ጠጅ ዓይነት ቀለም ለጽሑፍ ስትመርጡም ያው ነው፤ ከተቀላቀለ ይዛነፋል። ቀለም ከፈለጋችሁ አንድ ወጥ ቀለም አዝዙ።

ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል የሚወድ ደንበኛ ብዙ ነው። እሱ ላይ ተጠንቀቁ። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል። በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፊደል ሲሆን ቀጭኗ ትወፍራለች፤ በጥቁር ላይ ነጭ ሲሆን ግን ጥቁሩ ከግራና ከቀኝ ገብቶ ይበላታል። በወርቃማ ፎይል ሲጫንም ስሷ መስመር መሐሏ ላይ ትበጠሳለች። ወረቀቱ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ፊደል ለስላሳ አርት ፔፐር ነው የሚሻለው።

ደግሞ ካርዱን የሚያነቡት የሙሽራው ጓደኞች ብቻ አይደሉም። አያቶች አሉ፣ የገጠር ዘመድ አለ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ በሚነበብ ፊደል ይሁን። ያማረው ፊደል የሙሽሮቹ ስም ላይ ይብቃው።

የጦሳ ሥር ዲዛይነር (ደሴ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ልጠይቅዎት። ደንበኛዬ ለካርዱ ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት ላይ የወርቅ ፎይል ነው የምትፈልገው። አትችይም ልበላት?

የድሮ አታሚ (ደሴ)

አትከልክላት፣ ሰርጓ ነው። ስሟን ትልቅ አድርግላት፣ ቀጭኗን መስመር ወፈር አድርጋት፣ ከዚያ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፍሬ አስጭነህ አሳያት። ሌላው ጽሑፍ ከውስጥ በነጭ ወረቀት ይግባ።

የአራዳው (ደሴ)

ታፔላውስ? በፍሌክስ ነው ወይስ በሚበራ ፊደል?

የጦሳ ሥር ዲዛይነር (ደሴ)

ስሙ ከአክሪሊክ ተቆርጦ የሚበራ፣ ሥሩ ያለው ደግሞ በስቲከር ነው ያልነው። አሁን የያዝኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። የአማርኛው ስም በጥቁሩ ኖቶ ሴሪፍ፣ ጣሪያዎቹን አሳስቼ፣ የካዕቡን እጅ ጫፏን አወፍሬ። እንግሊዝኛውን ቦዶኒ ትንሽ አሳንሼ ከሥሩ። «የሴቶች ልብስ ቤት» የሚለውን ወፍራም ያልሆነ፣ ቀለበቱ ክፍት የሆነ ፊደል። ለካርዱ ጋሼ እንዳሉት።

ስቲከር ቆራጯ (ወልድያ)

አማረ። አክሪሊክ ከሆነ ከስቲከሩም ይብሳል፤ ከውስጥ መብራት ስለሚገባ ቀጭኗ መስመር መብራቱን የምትይዝበት ስፋት ያስፈልጋታል። ስፋቷን ራስህ አትወስን፣ የሚሠራልህን ሰው አምፖሉ የሚገባበትን ልክ ጠይቀው፤ ጣሪያዎቹንም በዚያ ልክ አሳሳ። ስቲከሩን እኔ ጋ ከላክህ ደግሞ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ ላክልኝ። ፎንቱ እኔ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሌላ ፊደል ሆኖ ነው የሚከፈተው። ከጎኑ የጽሑፉን ፎቶም አያይዝ፣ ከመቁረጤ በፊት ካዕብ ካዕቡን አንድ በአንድ አስተያየዋለሁ።